የፈረሰ ቤት ወለል

በምሥራቅ ጎጃም ገጠር የጭቃ ቤት ሲፈርስ ብዙ የሚቀር ነገር የለም። ምሰሶውና ማገሩ ለሌላ ቤት ወይም ለማገዶ ይወሰዳል፣ የክዳኑ ሣር ይበሰብሳል፣ ግድግዳው በጥቂት ክረምት ወደ መጣበት አፈር ይመለሳል። የመሠረት ድንጋይ ቢኖረው እንኳ ለአጥር ይፈለጋል። ከዘመናት በኋላ የሚመጣ አጥኚ የሚያገኘው ትንሽ ጉብ ያለ መሬትና የተበታተነ ገል ነው። ሰው የት ይተኛ ነበር? ከብት የት ይታሰር ነበር? እንጀራ የሚጋገረው የት ነበር? ይህን ሁሉ ይዞ የሚቆየው ወለሉ ነው።

አፈርን መርምሮ የጥንት ሰፈርን መፈለግ የተጀመረው ከእርሻ ጋር በተያያዘ ሥራ ነው። ኦሎፍ አሬኒየስ የተባለ ስዊድናዊ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደቡብ ስዊድን ለስኳር ተክል የሚሆን መሬት ሲያጠና፣ ፎስፈረስ የበዛባቸው ቦታዎች ጥንት ሰው የሰፈረባቸው ሆነው አገኛቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰውና ከብት በኖሩበት ሁሉ ሽንት፣ እበት፣ አጥንት፣ የምግብ ትራፊና አመድ ይከማቻል። በእነዚህ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በዝናብ ታጥቦና ተንኖ ይጠፋል፤ ፎስፈረስ ግን በአፈሩ ውስጥ ካለው ብረትና አሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ለብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ለሺህ ዓመታት ካለበት አይነቃነቅም።

ይህ መጣበቅ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ላለ ገበሬ የዕለት ችግሩ ነው። የደጋው ቀይ አፈር አሲዳማ ስለሆነ በማዳበሪያ የገባውን ፎስፈረስ ይዞ ለሰብሉ አይለቅም፤ ማሳው ላይ ኖራ የሚበተነውም ለዚህ ነው። ገበሬውን የሚያስመርረው ይኸው ጠባይ የድሮ ቤት ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። አሲዱ አጥንትን ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ የአመድን ኖራማ ክፍልም ያሟሟዋል። ስለዚህ በዚህ አገር አጥንት አልተገኘም ተብሎ ሥጋ አልተበላም ማለት አይቻልም። ከሰልና ፎስፈረስ ግን ይቆያሉ፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ ፋይቶሊት የሚባሉት ይተርፋሉ። እነዚህ ሣርና እህል በሕይወት እያሉ በሕዋሳቸው ውስጥ የሚያከማቿቸው፣ እንደ መስተዋት ያሉ ጥቃቅን የሲሊካ ቅንጣቶች ናቸው። ተክሉ ቢበሰብስም፣ ቢቃጠልም፣ በከብት ሆድ ቢያልፍም ቅርጻቸው ስለማይጠፋ የየትኛው ወገን ተክል፣ የቱ ክፍሉ እንደነበር ለመለየት ይረዳሉ።

አሠራሩን ለመረዳት የጎጃምን ጎጆ ማሰብ ይበቃል። በአንድ ወገን ከብቱ የሚያድርበት ጋጥ፣ በሌላው ወገን መደብ፣ ከምድጃው ዙሪያ ጉልቻና ምጣድ፣ ከግድግዳው ሥር ጎታ አለ። ወለሉ በየጊዜው በእበት ይለቀለቃል። ጋጡ በፎስፈረስ ይሞላል። ምድጃው አጠገብ ከሰል ይበዛል፣ ከአመዱ የመጡ ፖታሲየምና ካልሲየምም በአሲዱ ጨርሰው ካልታጠቡ ከሌላው ቦታ ከፍ ይላሉ። ጎታው ሥር ፎስፈረሱ ያን ያህል ላይሆን ይችላል፤ የገለባና የእብቅ ፋይቶሊት ግን አይጠፋም። ቀጥቃጭ የሠራበት ቤት ከሆነ ማግኔት ብቻ በቂ ነው፤ የጋለ ብረት በመዶሻ ሲመታ የሚረግፈው ስስ ቅርፊት ከአፈሩ ተለይቶ ይጣበቅበታል።

አጥኚው ወለሉን በገመድ በትንንሽ ካሬ ከፍሎ ከእያንዳንዱ ጥቂት አፈር ይወስዳል። ከቤቱ ውጭ፣ ማንም ካልኖረበት ቦታም ማነጻጸሪያ መውሰድ የግድ ነው፤ ያለ እርሱ የቤተ ሙከራው ቁጥር ትርጉም የለውም። የሚያሳስት ነገርም ሞልቷል። ማረሻ ላይኛውን አፈር ያደባልቃል፣ የዘመኑ ማዳበሪያ የራሱን ፎስፈረስ ይጨምራል፣ ምስጥ የታችኛውን ወደ ላይ ያወጣል፣ የባሕር ዛፍ ሥር ወለሉን ይሰነጥቀዋል። እንዲያውም በእበት የተለቀለቀ መኝታ ቤት በኬሚካል ብቻ ቢታይ ጋጥ ሊመስል ይችላል።

ይህን የሚፈታው ማይክሮስኮፕ ነው። ወለሉ ላይ ከተቆፈረ ጉድጓድ ግድግዳ አፈሩ ሳይነካካ፣ እንደተነባበረ፣ በብረት ሣጥን ተቆርጦ ይወጣል። ይህ ሣጥን ዋልተር ኩቢየና በተባለ የአፈር ሊቅ ስም ይጠራል። አፈሩ ደርቆ ሬዚን የተባለ ፈሳሽ ሙጫ ይጠጣል፤ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ተቆርጦ ብርሃን እስኪያሳልፍ፣ 0.03 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪሆን ድረስ ይፋቃል። ያን ጊዜ ልቅለቃው ንብርብር በንብርብር ይታያል። በሁለት ልቅለቃ መካከል የተረገጠ ስስ ትቢያና ጥቂት ከሰል ካለ ሰው ሲመላለስበት የኖረ ወለል ነው። በሰኮና የታመቀ፣ ረጃጅም የሣር ቁርጥራጭ አግድም የተነጠፈበት ወፍራም እበት ከሆነ ግን ጋጥ ነው።

በአገራችን አፈር በስፋት የተጠየቀው በአክሱም ነው። ካርል ቡትዘር በ1981 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት የአክሱምን መነሣትና መውደቅ ከአየር ንብረትና ከአፈር መሸርሸር ጋር አያያዘው። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ቻርልስ ፍሬንች፣ ፌዴሪካ ሱላስና ማርኮ ማዴላ የአካባቢውን ሸለቆዎች አፈር መርምረው፣ መሬቱ ቀድሞ ከታሰበው በላይ የተረጋጋ እንደነበር አመለከቱ። እዚያ የተጠየቀው የመንግሥቱ መሬት ነበር። እኔ የምመኘው ተመሳሳይ ጥያቄ በጎጃም ለቤቶች ሲቀርብ ማየት ነው።

የሚጠየቅ ቤት ሞልቷል። ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው ደብረ ማርቆስ፣ በ1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነው የነገሡት ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት አለ። በመርጡለ ማርያም እቴጌ እሌኒ ያሠሯት፣ በኋላም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን እንደገና የገነቧት ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ፍርስራሽ አለ። እንዲህ ባለ ሕንፃ ግንቡን ያያያዘው ኖራ የአፈሩን አሲድ ስለሚያበርድ አጥንትም የመትረፍ ዕድሉ ይሰፋል። በንጉሥ ግቢ ደግሞ ከአዳራሹና ከእልፍኙ ውጭ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ግምጃ ቤትና የፈረስ ጋጥ ይኖራል። በታሪክ የሚጻፈው ስለ አዳራሹ ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ የደከሙት ሴቶች የት ቆመው እንደሠሩ የሚጠቁመው ወለሉ ብቻ ነው። ምንም ያልተገኘበት ክፍልም መልስ ነው፤ ግምጃ ቤት ንጹሕ ሊሆን ይችላል።

የሚያሳዝነው፣ ቅርስ ይታደስ ሲባል ቀድሞ የሚጣለው ይኸው አፈር መሆኑ ነው። ግንቡ በጥንቃቄ ይጠገናል፣ ወለሉ ግን እንደ ቆሻሻ ተዝቆ በጋሪ ይወጣና ሲሚንቶ ይለሰንበታል። አካፋ ከመግባቱ በፊት ከየክፍሉ ጥቂት ከረጢት አፈር ቦታው ተጽፎበት ቢቀመጥ ወጪው እጅግ ትንሽ ነው፤ ደረቅ አፈር ቤተ ሙከራ እስኪገኝ ለዓመታት መቆየት ይችላል።

ከፍርስራሹ በፊት ግን መጠናት ያለባቸው ዛሬም ሰው የሚኖርባቸው ጎጆዎች ናቸው። ሜክሲኮ ውስጥ ሉዊስ ባርባና ባልደረቦቹ ሰው የሚኖርበትን ቤት ወለል መርምረው፣ የትኛው ሥራ ምን ዓይነት ምልክት እንደሚተው ካወቁ በኋላ ነው ያንን ከጥንታዊ ወለል ጋር ያነጻጸሩት። በጎዛምንና በማቻክል ወረዳዎች ጋጡን፣ ምድጃውንና ጎታውን በጣቷ እያመለከተች የምታሳይ ባለቤት አለች፤ ወለሉን መቼ እንደለቀለቀችው፣ አመዱን ጓሮ የት እንደምትደፋው ትናገራለች። ቆርቆሮና ሲሚንቶ በየዓመቱ እየገቡ ስለሆነ ናሙናው መወሰድ ያለበት እሷ እያለች ነው።