የእስፓኝኛ ሰዋስው ጥያቄዎችና አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ

እስፓኝኛ መማር የጀመረ ሰው ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ የሚያነሣቸው የሰዋስው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንማርባቸው መጻሕፍት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተዘጋጁ ስለሆኑ፥ ያልነበረብንን ችግር አብረን እንማራለን፤ ያለብንን ችግር ግን መጽሐፉ አይነግረንም። ይህንንም በጥቂት ምሳሌ እናስረዳለን።

«ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» የሚለው ዐረፍተ ነገር «ቡና እወዳለሁ» ተብሎ ይተረጐማል። ተማሪውም «ታዲያ ግሡ ስለ ምን በአንደኛ መደብ አልሆነም? መጻሕፍት ሲሆኑስ ስለ ምን ‹ሜ ጉስታን› ይባላል?» ብሎ ይጠይቃል። መጽሐፉ አነጋገሩ የተገለበጠ ነው ይለዋል። የተገለበጠ ነገር ግን የለም። «ቡና ይጥመኛል» ብንል የግሡ ባለቤት ቡናው ነው፤ «ሜ» የተባለችውም ከግሣችን ጋር የተጣበቀችው «ኝ» ናት። የሚጥሙት ነገሮች ብዙ ሲሆኑ «ይጥሙኛል» እንደምንል፥ እነርሱም «ጉስታን» ይላሉ። ጠማኝ፥ ናፈቀኝ፥ አመመኝ እያለ ላደገ ሰው ይህ ጥያቄ መሆን አይገባውም ነበር። (ራበኝን ግን እስፓኞች «ረኃብ አለኝ» ብለው ስለሚናገሩት ምሳሌያችን እዚያ ድረስ አይሄድም።)

እንዲሁም «ኡስቴድ» የተባለው የአክብሮት ቃል ለሁለተኛ መደብ ሲሆን ግሡን በሦስተኛ መደብ ማድረጉ ብዙዎችን ያስገርማል። ቃሉ «ቡዌስትራ ሜርሴድ»፥ ማለት «ቸርነትዎ» ከሚለው መጠሪያ አጥሮ የመጣ ነው። እኛም «እርስዎ ይመጣሉ» ስንል ግሡ «እሳቸው ይመጣሉ» ከሚለው አይለይም።

ብርቱው ጥያቄ የ«ሴር» እና የ«ኤስታር» ነው። ሁለቱም ብዙ ጊዜ በአማርኛ «ነው» ይሆናሉ። ዘወትር የሚሰጠው ደንብ የዘለቄታው በሴር፥ የጊዜው በኤስታር ይነገራል የሚል ነው፤ ይህ ደንብ ግን ሩቅ አያስኬድም። ከሞት የበለጠ ዘለቄታ ያለው ነገር የለም፤ ሆኖም ስለ ሞተ ሰው «ኤስታ ሙዌርቶ» ይባላል። ሰዓት ደግሞ ሳይቆም የሚያልፍ ሲሆን የሚነገረው በሴር ነው። ይልቁንስ ሴር ነገሩ ምን እንደ ሆነ፥ ኤስታር ደግሞ በምን ሁኔታ ወይም በየት እንዳለ ይናገራል ብንል ይሻላል። ኤስታር የመጣውም «መቆም» ከሚል የላቲን ግሥ ነው። «ኤስ አቡሪዶ» ሲሉ ሰውዬው አሰልቺ ነው፤ «ኤስታ አቡሪዶ» ሲሉ ግን ሰልችቶታል። «ኤስ ሊስቶ» ብልህ ነው፤ «ኤስታ ሊስቶ» ተዘጋጅቷል። እዚህ ላይ አማርኛችን ጥሩ ምልክት ይሰጠናል፤ ይኸውም ሞቷል፥ ደክሞታል፥ ተሰብሯል፥ ተቀምጧል እያልን የተገኘውን ሁኔታ ስንገልጥ፥ እስፓኝኛው አብዛኛውን ጊዜ ኤስታርን ይፈልጋል።

ስለ ቦታ ሲነገርም ኤስታር ነው፤ «ድግሱ የት ነው?» ሲባል ግን ሴር ይሆናል፤ ድግስ ይደረጋል እንጂ እንደ ዕቃ አይቀመጥምና።

እኛን የሚያታልለን «አለ» ነው። «ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ አለ» እና «መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ አለ» የምንለው በአንድ ግሥ ነው። እስፓኝኛ ግን ያልታወቀውን መጽሐፍ «አይ» በሚል ቃል (ለጆሯችን እንቢታ ቢመስልም)፥ የታወቀውን በ«ኤስታ» ይለየዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ለሁለቱ ሁለት አነጋገር ስላለው መጽሐፉ ጕዳዩን ባጭሩ ያልፈዋል። አማርኛ ተናጋሪ ግን «አለ» ሊል በተነሣ ቍጥር አስቀድሞ «መጽሐፍ» ነው ወይስ «መጽሐፉ» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት።