የነርሶች የሥራ ልምድ ማስረጃና የአሠሪው ድርሻ

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂና እስከ ሲኤምሲ ድረስ ባለው የከተማው ክፍል የሕክምና ዕቃ አስመጪዎች፣ የመድኃኒት መደብሮችና የግል ክሊኒኮች በርክተው ይገኛሉ። በእነዚህም ድርጅቶች ውስጥ በነርስነት ተመርቀው በሽያጭ፣ በዕቃ ግምጃ ቤት ወይም በገንዘብ ተቀባይነት የሚሠሩ ሰዎች አይጠፉም። ከእነርሱ መካከል አንዲቱ ወደ ሙያዋ ለመመለስ ወይም በውጭ አገር በነርስነት ለመመዝገብ ባሰበች ጊዜ በመጀመሪያ የምትመጣው ወደ አሠሪዋ ሲሆን፣ የምትጠይቀውም አንድ ገጽ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። ጉዳዩ ለነጋዴው ቀላል መስሎ ቢታየውም፣ የብዙ ዓመት ድካሟ ፍሬ የሚያፈራው ወይም መና የሚቀረው በዚችው ገጽ ነው።

ነርሶችን የሚመዘግቡ መሥሪያ ቤቶች ዲፕሎማ ብቻ አይተው አያልፉም። እጅ ከሥራ ሲርቅ ይረሳል፤ መድኃኒቱም መሣሪያውም ይለወጣል። ስለዚህ በአውስትራሊያ ለመመዝገብ የሚያመለክት ከተመረቀ የቆየ ነርስ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ 450 ሰዓት በሙያው መሥራቱን እንዲያስረዳ ይጠየቃል። በብሪታንያ የተመዘገበ ነርስም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በየ3 ዓመቱ ምዝገባውን ሲያሳድስ 450 ሰዓት ሥራና 35 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ማሳየት አለበት። በአገራችንም የጤና ባለሙያ የሥራ ፈቃዱን ሲያሳድስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት መውሰዱን ያስረዳል። 450 ሰዓት፣ በሳምንት 40 ሰዓት ቢታሰብ፣ ሦስት ወር እንኳ አይሞላም። እንግዲህ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ሳይሆን ማስረጃው ነው።

በንግድ ቤት የተሠራ ሥራ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። በአውስትራሊያ ደንብ የነርስነት ሥራ ማለት በሽተኛ ማስታመም ብቻ አይደለም፤ ማስተማር፣ ማስተዳደርና ማማከርም የነርስነት ዕውቀት እስካስፈለገው ድረስ ይገባበታል። እንግዲያውስ ከውጭ የመጣውን መሣሪያ ወደ ሆስፒታል ይዛ ሄዳ ለክፍሉ ነርሶች አጠቃቀሙን የምታስተምር ሠራተኛ የምታቀርበው ክርክር አላት። ሒሳብ የምትቀበለው ግን የላትም። ደብዳቤው «በሽያጭ ክፍል ሠርታለች» ብሎ ከተወው ሁለቱም አንድ ይሆናሉና፣ የተሠራውን ሥራ በዝርዝር መጻፍ ያስፈልጋል። ለሌላው አገር ደግሞ የዚያው አገር ደንብ አስቀድሞ መታየት አለበት።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው፣ ማንም የማያስበው የዘመን አቆጣጠር ነው። አንድ ክሊኒክ «ከመስከረም 1 ቀን 2010 እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 2013» ብሎ በአማርኛ የጻፈውን ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ቢያሻግረው፣ የውጭው መርማሪ ሥራው በ2013 እንደቆመ አድርጎ ያነበዋል። በእውነቱ ግን ዘመኑ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 11 ቀን 2017 እስከ መስከረም 10 ቀን 2021 ነው። ስምንት ዓመት እንዲሁ በወረቀት ላይ ጠፋ ማለት ነው፤ የቅርብ ጊዜ ልምድ ያላት ነርስም ሙያዋን የተወች መስላ ትቀርባለች። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ከአንድ መስመር በላይ አይፈጅም። የስሟ አጻጻፍም በፓስፖርቷ ላይ ካለው የላቲን ፊደል ጋር በአንዲት ፊደል እንኳ እንዳይለያይ መጠንቀቅ ይገባል። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራች ካልተገለጸም መርማሪው የሰዓቱን ድምር ሊያወጣ አይችልም።

ደብዳቤው ከተሰጠ በኋላም ጉዳዩ አያልቅም። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ወይም ወደ ቀጠር የሚያመለክቱ የጤና ባለሙያዎች ማስረጃ በዳታፍሎው በኩል ይመረመራል። ይህ ድርጅት ወረቀቱን ብቻ አይቶ አያምንም፤ የጻፈውን አሠሪ ራሱን ይጠይቃል። በዚያን ጊዜ ስልኩ ተለውጦ፣ ፈራሚው ሥራ ለቆ ወይም የድርጅቱ ስም ተቀይሮ ቢገኝና መልስ ቢጠፋ፣ እውነተኛው ደብዳቤ ሳይቀር ያልተረጋገጠ ሆኖ ይመለሳል። የውጭ አገር ባንክ ስለ ሰነድ ሲጠይቅ በዕለቱ የሚመልስ አስመጪ፣ ለዚህኛው ጥያቄ ሳምንታት ማሳለፉ አግባብ አይመስልም።

የሥራ ምስክር ወረቀት መስጠት የቸርነት ጉዳይ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 ውስጥ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን ልክ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት፣ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ፣ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዝዛል። በአንጻሩ፣ ገንዘብ ተቀባይ የነበረችውን ለውለታ ሲሉ «በነርስነት አገልግላለች» ብሎ መጻፍ፣ ምንም እንኳ በርኅራኄ ቢደረግ፣ ሐሰተኛ ሰነድ ነውና በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የሚያስጠይቅ ይሆናል። በዚያም ላይ የደመወዝ መዝገቡ፣ የሥራ ግብሩና ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ለግል ድርጅት ሠራተኞች የሚከፈለው የጡረታ መዋጮ ከደብዳቤው ጋር ሊመሳከሩ ይችላሉ። እነዚሁ መዝገቦች እውነተኛውን ደብዳቤም ይደግፋሉ።

ክሊኒኩን ወይም መደብሩን የሚዘጋ ባለንብረት፣ ንግድ ፈቃዱን ከመመለሱ በፊት ለሠራተኞቹ ሁሉ ደብዳቤያቸውን በሁለቱ አቆጣጠሮች አስጽፎ፣ ከተዘጋም በኋላ መልስ የሚሰጥ ሰው ስምና ስልክ ጨምሮ ቢሰጣቸው፣ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ጥያቄ መልስ ያገኛል።