ኮምፓይለሩ ያነበበውን ይናገር፦ በፕሮግራም ግንባታ ውስጥ የፋይሎችን ጥገኝነት ስለ መከታተል

አንድን የፊዚክስ ችግር ለመፍታት የተጻፈ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ትክክል መሆኑን እንዴት እናውቃለን? አብዛኛውን ጊዜ ቀመሩን እንመረምራለን፤ ኮዱን መስመር በመስመር እናነባለን፤ ውጤቱንም አስቀድሞ ከሚታወቅ መልስ ጋር እናነጻጽራለን። ይሁን እንጂ ቀመሩም ኮዱም ትክክል ሆነው ሳለ ውጤቱ ሊሳሳት የሚችልበት አንድ መንገድ አለ። ይኸውም ኮምፒዩተሩ የሚያስኬደው ፕሮግራም እኛ ካነበብነው ኮድ የተሠራ ሳይሆን ሲቀር ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ሁኔታ እንዴት እንደሚፈጠርና የግንባታ መሣሪያዎች ኮምፓይለሩን ራሱን በመጠየቅ እንዴት እንደሚከላከሉት እንመለከታለን።

አንድ ራስጌ፣ ብዙ አንባቢ

በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ የሚጻፍ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ በብዙ ፋይሎች ተከፋፍሎ ይዘጋጃል። ኮምፓይለሩ እያንዳንዱን ምንጭ ፋይል ለየብቻው ተርጉሞ ኦብጀክት ፋይል የተባለውን ያወጣል፤ ሊንከር የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ኦብጀክት ፋይሎቹን አገጣጥሞ የሚሠራውን ፕሮግራም ያስገኛል። ምንጭ ፋይሎቹ በጋራ የሚጠቀሙባቸው መግለጫዎች ሄደር ወይም ራስጌ በሚባሉ ፋይሎች ይቀመጣሉ። አንድ ምንጭ ፋይል «ኢንክሉድ» በሚለው ትእዛዝ ራስጌን ሲጠራ፣ ኮምፓይለሩ የራስጌውን ይዘት በዚያው ቦታ እንደ ተጻፈ ቆጥሮ ያነበዋል። ራስጌው ራሱም ሌሎች ራስጌዎችን ሊጠራ ይችላል።

ምሳሌ እንውሰድ። የአንድን ኤሌክትሮን እንቅስቃሴ የሚያሰላ ፕሮግራም ሁለት ምንጭ ፋይሎች አሉት እንበል። አንዱ እንቅስቃሴውን ያሰላል፤ ሌላው ውጤቱን ያትማል። ሁለቱም «ቅንጣት» የተሰኘውን ራስጌ ያነባሉ። በራስጌው መሠረት ቅንጣት ማለት መጠነ ቁስን፣ ሥፍራንና ፍጥነትን በቅደም ተከተል የያዘ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት ስለሚይዝ ሥፍራው የሚጀምረው ከመዝገቡ መነሻ 8 ባይት ርቆ ነው። አሁን ከመጠነ ቁሱ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ጨመርን፤ ሥፍራው ከመነሻው 16 ባይት ወደሚርቅ ቦታ ተሸጋገረ። የሚያሰላው ፋይል ዳግም ተተርጉሞ የሚያትመው ፋይል ሳይተረጎም ቢቀር፣ አታሚው በቀድሞው ቦታ ያገኘውን ቁጥር አሁንም ሥፍራ ነው ብሎ ያትመዋል። የሚታተመው ግን የኤሌክትሮኑ ቻርጅ፣ −1.6 × 10⁻¹⁹ ነው።

የሲ ሊንከር ስሞችን ያገናኛል እንጂ የመዝገቦችን አቀማመጥ ስለማይመረምር አንዳች ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ፕሮግራሙም ሳይቋረጥ ይሄዳል። ተማሪው ቁጥሩን ተቀብሎ «ኤሌክትሮኑ ከመነሻው አልራቀም» ብሎ በሪፖርቱ ሊያሰፍር ይችላል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱ ትክክለኛ መልስ መስሎ ይቀርባል፤ ኮዱን ደጋግሞ ማንበብም አያጋልጠውም።

ሜክ ያመጣው መፍትሔና ያልፈታው ጥያቄ

ችግሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪዎች ይሠሩ የነበሩት ስቱዋርት ፌልድማን «ሜክ» የተባለውን መሣሪያ ሠሩ። ለዚህ ያነሳሳቸው የሥራ ባልደረባቸው ስቲቭ ጆንሰን ትክክለኛ ፕሮግራም ውስጥ ስህተት ሲፈልጉ አንድ ጠዋት ማባከናቸው ነበር። ስህተቱ በኮዱ ታርሞ ነበር፤ ነገር ግን ፋይሉ ዳግም ስላልተተረጎመ የሚሠራው ፕሮግራም አሮጌው ነበር። ፌልድማን ለሜክ እ.ኤ.አ. የ2003 የኤሲኤም የሶፍትዌር ሥርዓት ሽልማትን ተቀብለዋል።

የሜክ ሕግ አጭር ነው። አንድ ውጤት ከተሠራባቸው ፋይሎች መካከል ከአንዱ እንኳ የቆየ ከሆነ እንደገና ይሠራ። ይህን የሚያውቀው በፋይሎቹ ላይ የተመዘገበውን የመጨረሻ ለውጥ ሰዓት በማነጻጸር ነው። ነገር ግን የትኛው ውጤት በየትኞቹ ፋይሎች ላይ እንደሚመሠረት የሚነግረው ሰው ነበር። ፕሮግራመሩ አንድ ራስጌ ጨምሮ በሜክ ዝርዝር ውስጥ ማስፈሩን ከዘነጋ የጆንሰን ጠዋት ይደገማል።

መገመት ወይስ መጠየቅ?

ዝርዝሩን ከሰው እጅ ለማውጣት ሁለት መንገዶች ተሞክረዋል። አንደኛው «ሜክዲፔንድ»ን የመሰለ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ምንጭ ፋይሎቹን እያነበበ የኢንክሉድ መስመሮችን እንዲለቅም ማድረግ ነው። ይህ ግምት ነው። የኢንክሉድ መስመር በቅድመ ሁኔታ ሊታጠር ይችላል፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ራስጌዎችም በተለያዩ ማኅደሮች ሊገኙ ይችላሉ። ለቃሚው የኮምፓይለሩን ውሳኔ ሁሉ በትክክል ካልደገመ በቀር ዝርዝሩ ይሳሳታል።

ሁለተኛው መንገድ ኮምፓይለሩን ራሱን መጠየቅ ነው። ኮምፓይለሩ ራስጌውን ከፍቶ ሳያነብ ሊተረጉም አይችልምና የትኞቹን ፋይሎች እንዳነበበ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር «ኤምዲ» የተሰኘው ምርጫ ሲሰጠው፣ ከትርጉም ሥራው ጎን ለጎን በሜክ ሰዋስው የተጻፈ ትንሽ ፋይል ያወጣል። በመጀመሪያ የኦብጀክት ፋይሉ ስም፣ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያም የተነበቡት ፋይሎች ዝርዝር ይሰፍራል።

እዚህ ላይ አንባቢ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል። ዝርዝሩ የሚገኘው ከትርጉም በኋላ ከሆነ፣ «መተርጎም ያስፈልጋል ወይ?» ለሚለው የቅድሚያ ጥያቄ ምን ይረዳል? መልሱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ግንባታ ሁሉም ፋይል ስለሚተረጎም ዝርዝር አያስፈልግም። በሁለተኛው ደግሞ ያለፈው ዝርዝር ይበቃል። አንድ ምንጭ ፋይል አዲስ ራስጌ ማንበብ የሚጀምረው ራሱ ወይም ቀድሞ ያነበበው ራስጌ ሲለወጥ ነው፤ የተለወጠው ፋይል ደግሞ በአሮጌው ዝርዝር ውስጥ አስቀድሞ አለ። ስለዚህ አሮጌው ዝርዝር ዳግም ትርጉምን ያስነሳል፤ ዳግም ትርጉሙም አዲሱን ዝርዝር ያወጣል።

ለሰው የተጻፈን መልእክት ለማሽን ማንበብ

የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ለረጅም ጊዜ የተከተለው ሌላ ልማድ ነው። «ሾው ኢንክሉድስ» የተሰኘው ምርጫ ሲሰጠው ያነበባቸውን ራስጌዎች አንድ በአንድ፣ ከማስጠንቀቂያዎችና ከስህተት መልእክቶች ጋር ቀላቅሎ ያትማል። የእያንዳንዱ መስመር መነሻ «ማስታወሻ፦ የሚካተት ፋይል» የሚል ትርጉም ያለው ሐረግ ነው። የግንባታ መሣሪያው በዚህ ሐረግ የሚጀምሩትን መስመሮች ለይቶ የፋይሎቹን ስም ይመዘግባል፤ የቀሩትን ለተጠቃሚው ያሳልፋል። ኢቫን ማርቲን ከሠላሳ ሺህ በላይ ምንጭ ፋይሎች ለነበሩት የክሮሚየም ፕሮጀክት የሠሩት «ኒንጃ» የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የሰበሰበውንም በራሱ የታመቀ መዝገብ ያኖራል።

ችግሩ ሐረጉ ከኮምፓይለሩ የቋንቋ እትም ጋር መለወጡ ነው። በጀርመንኛው እትም በጀርመንኛ፣ በጃፓንኛው በጃፓንኛ ይታተማል። የእንግሊዝኛውን ሐረግ ብቻ የሚጠብቅ መሣሪያ በእነዚህ እትሞች አንድም ራስጌ አያገኝም፤ ባዶ ዝርዝርም ጥገኝነት የሌለ ያስመስላል። በዚህ ምክንያት ኒንጃ ሐረጉ ከውጭ እንዲነገረው ቦታ አዘጋጅቷል። «ሲሜክ» የተባለው መሣሪያ ደግሞ አንድ ራስጌ ብቻ የሚጠራ ጥቃቅን ፕሮግራም ያስተረጉምና፣ መልሱን አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ከታተመው መስመር ሐረጉን ይማራል። እኛ በቤተ ሙከራ አንድን መለኪያ በታወቀ ናሙና እንደምናስተካክለው ማለት ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2020 ዝርዝሩን ለማሽን በተሰናዳው የጄሶን ቅርጽ፣ በተለየ ፋይል የሚጽፍ ምርጫ ጨምሯል።

ዘዴው የማይደርስበት

ዝርዝሩ የተነበቡትን ይናገራል እንጂ ተፈልገው የታጡትን አይናገርም። ኮምፓይለሩ ቀድሞ በሚፈልግበት ማኅደር ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያለው አዲስ ራስጌ ብናስቀምጥ፣ ከተመዘገቡት ፋይሎች አንዱም ስላልተለወጠ ዳግም ትርጉም አይነሳም። በግንባታው ሂደት ውስጥ በሌላ ፕሮግራም የሚመነጩ ራስጌዎችም ከመጀመሪያው ትርጉም በፊት መገኘት ስላለባቸው ቅደም ተከተሉን ሰው ማስታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የሲ ፕላስ ፕላስ ደረጃ ያስገባቸው ሞጁሎች ደግሞ የትርጉም ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ እንዲታወቅ ግድ ስለሚሉ፣ ያለፈው ዝርዝር ይበቃል የሚለው ሙግት በእነርሱ ላይ አይሠራም፤ ከትርጉም በፊት የቅኝት ደረጃ ያስፈልጋቸዋል።

ፕሮግራም ለምትጽፉ ተማሪዎች ሁለት ቀላል ልማዶችን እንመክራለን። አንደኛ፣ ብዙ ምንጭ ፋይሎች የሚያነቡትን አንድ ራስጌ ጥቂት ለውጣችሁ የግንባታ መሣሪያው ሁሉንም አንባቢዎቹን ዳግም መተርጎሙን አረጋግጡ። ሁለተኛ፣ ማናቸውንም ውጤት በጽሑፍ ከማስፈራችሁ በፊት ኦብጀክት ፋይሎቹን በሙሉ አጥፍታችሁ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ገንቡ፤ ስሌቱንም ድገሙ። ግብዓቱ ሳይለወጥ ሁለቱ ውጤቶች ከተለያዩ፣ በቀመሩ ላይ ከመከራከር በፊት የጥገኝነት ዝርዝሩን መመርመር ይገባል።