ለአሮጌው ሚኒባስ የሚስማማ ቸርኬና ጎማ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ የተመላለሰ ሰው፣ ዳገቱ ሞተርን እንደሚፈትን ሁሉ ቁልቁለቱም ጎማን እንደሚፈትን ያውቃል። በጉለሌ ሰፈሮች በአንድ አሮጌ ቶዮታ ሃይስ የሚተዳደር ቤተሰብ አለ፤ መኪናዋ ጠዋት ተማሪ ታደርሳለች፣ ቀን ተሳፋሪ ትጭናለች። ቸርኬዋ ሲጣመም ወይም ጎማዋ ሲያልቅ አባወራው መርካቶ ወርዶ፣ ዋጋው የቀነሰውንና «ይገባል» የተባለውን ይዞ ይመለሳል። ውድ አንባብያን፣ መግባት ሌላ፣ መስማማት ሌላ ነው።

በቅድሚያ ቸርኬውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ የወጣው ሃይስ 6 ብሎን አለው፤ ከዚያ በፊት ከነበሩት ግን ባለ 5ም ባለ 6ም ይገኛል። የብሎኑ ቁጥር ቢመሳሰል እንኳ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ አሮጌውን ቸርኬ ይዞ ሄዶ ከአዲሱ ጋር ማስተያየት ይበጃል። የመሐሉ ቀዳዳ ከጠበበ ቸርኬው በቦታው አይቀመጥም። ወደ ውስጥ ከገባ ፍሬኑን ሊነካ፣ ወደ ውጭ ከወጣ ደግሞ ኩሽኔታውን ሊያደክም ይችላል።

ቀጥሎ ጎማው ነው። በጎኑ ላይ «195 አር 15 ሲ» የሚል ጽሑፍ ቢኖር፣ 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 15 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ሲ» ደግሞ ጎማው ለጭነት መኪና መሠራቱን ትገልጻለች። ከዚያ የሚከተለው 106 አንዱ ጎማ 950 ኪሎ እንደሚሸከም ያመለክታል። የቤት አውቶሞቢል ጎማም በዚያው ባለ 15 ቸርኬ ላይ ይገባል፤ ነገር ግን ቁጥሩ 91 ከሆነ የሚሸከመው 615 ኪሎ ብቻ ነው። አራቱ ሲደመሩ 2460 ኪሎ ይሆናሉ። 12 ሰው የጫነ ሚኒባስ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ክብደቱ በአብዛኛው በፊት ጎማዎች ላይ ያርፋል። ርካሽ የተባለው ጎማ የሚያስከፍለው እዚያ ላይ ነው።

ሦስተኛው የጎማው ዕድሜ ነው። በጎኑ ላይ ካሉት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያሳያሉ። ዘመኑ ግን የአውሮፓውያን ነው። «2317» የሚለውን ያየ ሰው የ2017 ዓ.ም. ምርት ሊመስለው ይችላል፤ ጎማው ግን የተሠራው በ2009 ዓ.ም. ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃልም።

ጎሚስታው ሲገጥም ብሎኖቹን በዙሪያ ተራ ሳይሆን ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቀ ማጥበቁን ቆመው ይመልከቱ። ከዚያም መሪውን እስከ ጫፍ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዙረው ጎማው የሚነካው ነገር እንደሌለ ያረጋግጡ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ ብሎኖቹ እንደገና ይጥበቁ።

ገንዘቡ ለአራቱም ካልበቃ፣ የማይስማሙ አራት ከመግዛት የሚስማሙ ሁለት ገዝቶ በፊት ወይም በኋላ በጥንድ መግጠም ይሻላል። የተረፉትም አላልቁ፣ አልተሰነጠቁ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ተሳፋሪው የጎማውን ቁጥር አንብቦ አይሳፈርም፤ በሾፌሩ ተማምኖ ይገባል። የሰው ልጅ ነፍስ አማና ናትና፣ ቁጥሩን የማንበቡ ኃላፊነት የባለመኪናው ነው።