የፍለጋ ሣጥኑን ማን ያንብበው?

ሰው የፍለጋ ሣጥን ውስጥ እንደመጣለት ይጽፋል። ትእምርተ ጥቅስ ከፍቶ ሳይዘጋ ይተዋል፣ ቅንፍ ያበዛል፣ ቃላቱን ዝም ብሎ ያከታትላል። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ግን ለዚህ ትዕግሥት አልነበረውም። «ቱ ቲኤስኪውሪ» የሚባለው ፈንክሽኑ በቃላቱ መካከል እንደ & ወይም | ያለ ምልክት ካላገኘ ፍለጋውን አይጀምርም፤ «ቡና ጅማ» ብለው ቢሰጡት የሚመልሰው የአጻጻፍ ስሕተት ነው።

ስለዚህ ፕሮግራመሮች ተጠቃሚው የጻፈውን ተንትኖ ዳታቤዙ በሚቀበለው መልክ የሚያዘጋጅ የፓርሰር ላይብረሪ ከውጭ ማምጣት ለመዱ። ሥራው ይሠራል፤ ጣጣውም አብሮ ይመጣል። ላይብረሪውን የሚያድሰው ሰው ቢተወው ሸክሙ በላይብረሪው በሚጠቀመው ድርጅት ላይ ይወድቃል። ከዚህ የሚብሰው ግን የሁለት አንባቢ ነገር ነው። ሰረዝ ያለበትን ቃል ላይብረሪው በአንድ መንገድ ሲከፍለው ዳታቤዙ በሌላ መንገድ ከፍሎ ኢንዴክስ አድርጎታል፤ ሰነዱ ቁጭ ብሎ ሳለ ፍለጋው ባዶውን ይመለሳል። ምንም የስሕተት መልእክት ስለማይወጣ ችግሩን የሚደርስበት የለም።

ፖስትግሬስ የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋን ወደ ዋናው ፕሮግራም ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2008፣ በቨርዥን 8.3 ነው፤ ከዚያ በፊት ሩሲያውያኑ ኦሌግ ባርቱኖቭና ቴዎዶር ሲጋዬቭ ያዘጋጁት ተጨማሪ ሞጁል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ቨርዥን 11 ደግሞ «ዌብሰርች ቱ ቲኤስኪውሪ»ን አመጣ። ይህ ፈንክሽን ምንም ቢጽፉለት የአጻጻፍ ስሕተት አያወጣም። ለምሳሌ፦

"ቡና ላኪ" ጅማ -ሐረር

ተብሎ ቢጻፍለት፦

'ቡና' <-> 'ላኪ' & 'ጅማ' & !'ሐረር'

ያደርገዋል። «ቡና» እና «ላኪ» ተከታትለው ይገኙ፣ «ጅማ» ይኑር፣ «ሐረር» ግን አይኑር ማለቱ ነው። ቃላቱን የሚከፍለው ሰነዶቹን በከፈለበት በዚያው ሕግ ስለሆነ የሁለት አንባቢው ጣጣ ይቀራል። ለእኔ ከኮድ መቀነሱ ይልቅ ትልቁ ጥቅም ይኸ ነው።

የማይችለውም አለ። ቅንፍን ችላ ይላል፤ «ርእሱ ውስጥ ብቻ ፈልግ» የሚል ትእዛዝ አያውቅም፤ በቃል መጀመሪያ መፈለግንም አይደግፍም። ይህ የመጨረሻው አማርኛን በተለይ ይጎዳዋል። ፖስትግሬስ ለእንግሊዝኛ የቃል ሥር የሚያወጣ መዝገበ ቃላት ይዞ ሲመጣ ለአማርኛ የለውም፤ «ቡና» ብሎ የፈለገ ሰው «ቡናው»ንም «ቡናችን»ንም አያገኝም። በቃል መጀመሪያ መፈለግ እነዚህን ያመጣቸው ነበር፤ «የቡና»ን እና «ለቡና»ን ግን እሱም አያድናቸውም።

«ወይም» የሚለውንም እንደ ተራ ቃል ይፈልገዋል እንጂ አማራጭ መሆኑን አይረዳም፤ የሚያውቀው በላቲን ፊደል የተጻፈውን «ኦር» ብቻ ነው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ም ለእሱ ሁለት ቃል ናቸው። የሁለቱም ችግር መፍትሔ ቀላል ነው፦ ጥያቄው ወደ ፈንክሽኑ ከመግባቱ በፊት «ወይም»ን በዚያው በላቲኑ «ኦር» መተካት፣ ሞክሼ ፊደላትን ደግሞ በሰነዱም በጥያቄውም ላይ ወደ አንድ ማምጣት ነው። ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃል።

የውጭውን ላይብረሪ ከማንሣታችሁ በፊት ግን የፍለጋ ሎጋችሁን ክፈቱና ሰዎች ቅንፍና የቃል መጀመሪያ ይጠቀሙ እንደሆነ እዩ። የሚጠቀም ከሌለ ዛሬውኑ አንሡት።