ሩሜሊ ሂሳሪ፦ ከበባው የተጀመረበት ምሽግ

የቁስጥንጥንያን አወዳደቅ የሚያወሱ ትረካዎች ብዙውን ጊዜ የሚነሡት እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1453፣ የኦቶማን ጦር ከከተማዋ ቅጥር ፊት ለፊት ከሰፈረበት ዕለት ነው። እኔ ግን ከበባው የተጀመረው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከከተማዋ በስተሰሜን በቦስፎረስ ዳርቻ የሩሜሊ ሂሳሪ መሠረት ሲጣል ነው ባይ ነኝ።

ቦስፎረስ የጥቁር ባሕርን ውኃ ወደ ማርማራ የሚያወርድ ሰርጥ ነው። ከሁሉም በላይ የሚጠብበት ቦታ 700 ሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው፣ ምሽጉ የቆመው እዚያው ላይ ነው። በወዲያኛው፣ በእስያ ዳርቻ፣ የሱልጣን መሕመድ 2ኛ ቅድመ አያት ባየዚድ 1ኛ በ1390ዎቹ አናዶሉ ሂሳሪን ሠርቶ ነበር። ነገር ግን አንዱን ዳር ብቻ መያዝ ሰርጡን እንደማያስገዛ በ1444 በግልጽ ታየ። የመስቀል ጦረኞች ወደ ቫርና ሲገሠግሡ መርከቦቻቸው መተላለፊያውን ስለያዙት፣ የመሕመድ አባት ሙራድ 2ኛ ሠራዊቱን ከእስያ ወደ አውሮፓ ያሻገረው በብዙ ጭንቅ ነው። መሕመድ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበር።

መሕመድ ያዘዘው የሩሜሊ ሂሳሪ ግንባታ በ1452 ጸደይ ተጀምሮ አምስት ወር ሳይሞላ በኦገስት መጨረሻ አለቀ። ለፍጥነቱ አንዱ ምክንያት የሥራው ክፍፍል ነው፤ ሦስቱ ታላላቅ ማማዎች ለሦስት ሹማምንት፣ ለሐሊል፣ ለዛጋኖስ እና ለሳሩጃ ፓሻ በኃላፊነት ተሰጡ፤ ማማዎቹም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ። ከሦስቱ ሐሊል በከተማዋ ላይ ጦርነት መክፈትን አጥብቆ የሚቃወም ሰው ነበር። ቢሆንም የውኃውን ዳር ማማ እሱ አሠራ፤ ከተማዋ ከተያዘች በኋላ ግን በሱልጣኑ ትእዛዝ ተገደለ። የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ 11ኛ ግንባታውን ተቃውሞ መልእክተኞች ቢልክም ሰሚ አላገኘም።

የምሽጉ ጉልበት ከግንቡ ቁመት ይልቅ በመድፎቹ አቀማመጥ ላይ ነበር። ታላላቆቹ መድፎች በውኃው ደረጃ፣ ዝቅ ብለው ተተከሉ። ከከፍታ የተተኮሰ ድንጋይ የሚንቀሳቀስ መርከብን በቀላሉ ይስታል፤ የባሕሩን ገጽ ታክኮ የሚሄድ ግን የመርከቡን ጎን ያገኛል። ከዚያ ወዲህ የሚያልፍ መርከብ ሁሉ ቆሞ እንዲፈተሽና ቀረጥ እንዲከፍል ታዘዘ። በኖቬምበር 1452 የቬኒሱ አንቶኒዮ ሪዞ እህል ጭኖ ከጥቁር ባሕር ሲመለስ አልቆምም አለ፤ መርከቡ ተመትቶ ሰጠመ፣ ባሕረኞቹ ተገደሉ፣ እሱም በእንጨት ላይ ተሰክቶ ሞተ። ሌሎች ጥቂት መርከቦች ተኩሱን አልፈው አምልጠዋል። ይሁንና ምሽጉ ሁሉንም መምታት አላስፈለገውም። የሪዞን ዕጣ የሰማ ነጋዴ ጭነቱን ይዞ ለመሞከር ይፈራል፤ ከጥቁር ባሕር የሚመጣ እህል የሚጠብቀው የከተማው ሕዝብም በዚያው መጠን ይራባል።

ከተማዋ በሜይ 29 ቀን 1453 ስትወድቅ ሁለቱም ዳርቻዎች ከነመዲናይቱ በአንድ ገዢ እጅ ገቡ፤ ምሽጉም ዋና ሥራውን አጣ። የቀረጥ ኬላ ሆነ፤ እስር ቤትም ሆነ። በኋለኞቹ ዘመናት በግንቡ ውስጥ የእንጨት ቤቶች ተሠርተው ሰፈር ተመሠረተ። በ1950ዎቹ እድሳት ሲደረግ እነዚያ ቤቶች ፈርሰው ቦታው ሙዚየም ሆነ። ለእኔ ይህ የሚያስቆጭ ነው፤ ምሽጉ በጦርነት ያሳለፈው አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም፣ የሰፈሩ ሰዎች ግን ለብዙ ትውልድ ኖረውበታል።