መኪናው ሲያፈላ፦ በደጋችን በአሮጌ መኪና ለምንጓዝ ሁሉ



ሰሚስተሩ ሲዘጋ ወደ ደሴ፣ ለኒካሕ ወይም ለጀናዛ ወደ አቀስታ፣ አንዳንዴም ከመካነ ሰላም ግቢ ወደ ቱሉ አውሊያ ግቢ ስንሄድ የምንሳፈርበት መኪና ብዙ ጊዜ በዕድሜ ይበልጠናል። ይህም ባለቤቶቹ ለመኪናቸው ስለማያስቡ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ የሚከፈለውን ታክስ ከፍ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ በእጅ ያለው ዲኤክስ፣ ዶልፊኑና አሮጌው ላንድክሩዘር እየተጠገነ ይኖራል። ጀመዓችን ለጉዞ መኪና ሲቸግረው የሚያውሱን ወንድሞችም የሚያውሱን ይህንኑ ነው።

ይህን የምንጽፈው ከመካከላችን መካኒክ ለማውጣት አይደለም። ሽቅቡ ላይ መኪናው ሲያፈላ የሾፌሩን ውሳኔ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የተሳፋሪው ጥድፊያ ነው። «አብሽር፣ ትንሽ ነው የቀረን፣ ይደርሳል» የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከኋላ ወንበር ነው። ያ «ትንሽ» አንድን ሞተር ይጨርሳል፤ ሞተሩ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ሊሆን ይችላል። የራዲያተር ክዳን ቸኩሎ የከፈተ ሰው ፊትና እጅም ከሞተሩ የባሰ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ የእኛን አገር ከሌላው የሚለየውን ነገር እንይ። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ እየሳሳ ግፊቱ ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ነጥብ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። የለጋምቦ ደጋ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን ከ90 ዲግሪ በታች ይሆናል። ባቄላችን ቶሎ አልበስል የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዶርም ውስጥ የቀቀለ ያውቀዋል።

አሁን ይህን ወደ ሞተሩ እናምጣው። የውሃውን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴርሞስታት በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ የሚከፈተው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ጤነኛ ሞተር 90 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይሠራል። ይህ ማለት በእኛ ደጋ ሞተሩ ምንም ሳይጎድለው በሚሠራበት ሙቀት ላይ ተራ ውሃ ለመፍላት ጫፍ ላይ ነው። እንዳይፈላ የሚይዘው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን።

ክዳኑ ውሃው እንዳይፈስ ብቻ የተቀመጠ ቡሽ አይደለም። በውስጡ ስፕሪንግ አለው፤ ውሃው ሲሞቅና ሲሰፋ ግፊት እንዲፈጠር ይይዘዋል። ክዳኑ ላይ የተጻፈው 0.9 ወይም 1.1 የዚያ ግፊት መጠን ነው። 0.9 የሚለው ክዳን በትክክል ከያዘ መካነ ሰላም ላይ ውሃው ሳይፈላ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሊቆይ ይችላል። ክዳኑ ካረጀ፣ ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም በጨርቅ ከተተካ ግን ወደ 91 ይመለሳል። የራዲያተር አፍ በጨርቅና በላስቲክ ታስሮ የሚሄድ መኪና አይታችሁ ይሆናል። ቆላ ላይ ያ መኪና ጥቂት ሊታገስ ይችላል፤ እዚህ ግን አቅሙ ገና ከመነሻው የለም። በእኛ ግምት ለአሮጌ መኪና ከሚገዛው ዕቃ ሁሉ በዋጋው ትንሽ፣ በጥቅሙ ትልቅ የሆነው አዲስ ክዳን ነው።

ሽቅቡም የራሱን ይጨምራል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በዚህ ከፍታ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ሾፌሩ በትንሽ ማርሽ ነዳጅ ረግጦ ቀስ እያለ ይወጣል። ሞተሩ ብዙ ሙቀት እያመረተ በራዲያተሩ የሚያልፈው ንፋስ ትንሽ ይሆናል። ወደ ጉንደወይን የሚወስደውን መንገድ ያየ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ያገኘዋል፤ ወደ አባይ መውረድ፣ የቆላው ሙቀት፣ ከዚያም ያንኑ ያህል ሽቅብ።

ፍሳሹ ከየት ይመጣል? አብዛኛውን ጊዜ ከጎማ ቱቦዎቹ ነው። ቱቦው ጫፉ ላይ በብረት ማሰሪያ ተይዟል፤ ማሰሪያው ሲላላ ወይም ጎማው ሲደርቅና ሲሰነጠቅ በዚያ ያንጠባጥባል። ቀጥሎ የራዲያተሩ የራሱ አካል አለ። በጠጠር መንገድ የዘለለ ድንጋይ ወይም ውስጥ ለውስጥ የበላው ዝገት ይበሳዋል። የውሃ ፓምፑ ሲያረጅ ከሥሩ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ያለቅሳል፤ ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ ከተበጠሰ ደግሞ ውሃው ሞልቶ ሳለ እንኳ ሞተሩ ይግላል። ከፊት ወንበር እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ሳይዘንብ ከረጠበና መስተዋቱ በሚያጣብቅ ጉም ከተሸፈነ የሚፈሰው የካቢን ማሞቂያው ነው። ይህን ከሾፌሩ ቀድሞ የሚያየው ፊት የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው።

መኪናው ሲያድር ከሥሩ የቀረውን እርጥበት ማየት ብዙ ይናገራል። ጥቁርና ቅባታማ ከሆነ ዘይት ነው። አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ካለው ኩላንት ነው። ተራ ውሃ ብቻ በሚሞላበት መኪና ደግሞ የዝገት ቀለም ያለው ነጠብጣብ ወይም የደረቀ ነጭ ምልክት ይቀራል።

መንገድ ላይ የመጀመሪያው ምልክት የሙቀት መለኪያው ቀስት ከተለመደው ቦታው ከፍ ማለቱ ነው። ቀይ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። ሾፌሩ ኤሲ ካለ አጥፍቶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ የካቢን ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ቢከፍተው ማሞቂያው እንደ ትንሽ ሁለተኛ ራዲያተር ሆኖ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። እኛን ያልበናል፤ ይታለፋል። ማሞቂያው ተከፍቶ እያለ በድንገት ቀዝቃዛ አየር መንፋት ከጀመረ ግን ውሃው አልቋል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ቀስቱ ወደ ታች ቢወርድ እንኳ አትመኑት። መለኪያው የሚያነበው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው፤ ውሃው ሲያልቅ በእንፋሎት መካከል ተንጠልጥሎ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። «ተመስገን፣ ቀዘቀዘ» ተብሎ የተነዳ ሞተር የሚቃጠለው በዚህ ነው።

እንፋሎት ከታየ፣ ቀስቱ ቀይ ከነካ ወይም ማሞቂያው ከቀዘቀዘ መቆም ብቻ ነው ያለው። ከጠመዝማዛው ወጣ ብሎ ሜዳ ቦታ ላይ ማቆም፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ የእጅ ፍሬን መያዝና ከጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ ማድረግ ያስፈልጋል። ደጋው ላይ ጉም ቶሎ ስለሚወርድ ተሳፋሪው ከመንገዱ ርቆ ይቁም፤ መኪናው ፊት ለፊት ማንም አይቁም። የሚሰበሰቡ ልጆች ካሉ ከመካከላችን አንድ ሰው እነርሱን ለማራቅ ብቻ ይመደብ።

ክዳኑን አትንኩት። ይህን ደጋግመን ብንለው አይበዛም። ውስጥ ያለው ውሃ ከ91 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሳይፈላ የቆየው በግፊት ስለተያዘ ነው። ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ግፊቱ ይጠፋል፤ ውሃው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈላና እንደ ፍንዳታ ወደ ላይ ይወጣል። ጨርቅ ጠቅልሎ መክፈትም ከዚህ አያድንም። የላይኛው ቱቦ ሲነካ የማያቃጥልና ሲጨመቅ እንደ ልብ የሚታጠፍ እስኪሆን ድረስ መጠበቅ ነው፤ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። የሶላት ወቅት ገብቶ ከሆነ ይህ ጥሩ ጊዜ ነው። በጀሪካን ያለው ውሃ ግን ለራዲያተሩም ይፈለጋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ስለነበር ለሁለቱም ይበቃል።

ከቀዘቀዘ በኋላም ከወንዝ የመጣ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ክዳኑ ቀስ ብሎ ይከፈታል፤ ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ በቀስታ እየሠራ ውሃው በትንሽ በትንሹ ይጨመራል። እየጨመራችሁ አረፋው እስኪያቆም ጠብቁ፤ ውስጡ የታሰረ አየር ከቀረ ሁለት መታጠፊያ ሳታልፉ እንደገና ያፈላል።

ቱቦው ጫፉ ላይ ከተሰነጠቀ የተበላሸውን ቆርጦ እንደገና ማሰር ብዙ ጊዜ ይበቃል። መሃሉ ላይ ከሆነ ከጎማ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ክር በጥብቅ ተጠቅልሎ እስከ ጋራዥ ያደርሳል። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች በዚህ ጊዜ ክዳኑን ጥቂት ያላሉታል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ፍሳሹም ይቀንሳል። ዘዴው ይሠራል፤ ዋጋው ግን መታወቅ አለበት። ክዳኑ ላልቶ ሲሄድ የመፍያው ነጥብ ወደ 91 ስለሚመለስ ሽቅብ አይወጣበትም። በሜዳና በቁልቁለት፣ ቀስ ብሎ፣ በየጥቂት ኪሎሜትሩ እየቆሙ ውሃውን እያዩ ብቻ ነው። የተወሰነው ሰው ወርዶ በሌላ መኪና ቢሄድ ደግሞ ለሞተሩ ትልቅ እረፍት ነው። ዱቄት ወይም እንቁላል ራዲያተር ውስጥ መጨመር የሚባለውን ግን አንመክርም፤ ቀዳዳውን የደፈነ ነገር ጠባቦቹን ቧንቧዎችም ይደፍናል።

ይህን ሁሉ ትዕግሥት የምንጠይቀው ሞተሩ ከጋለ በኋላ የሚመጣው ከባድ ስለሆነ ነው። ላይኛው የሞተር ክፍል፣ ጋራዦች ቴስታታ የሚሉት፣ በብዙ መኪኖች ላይ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። ከመጠን በላይ ሲግል ይጣመማል፤ በእርሱና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው ጋስኬትም ይቃጠላል። ከዚያ ወዲያ ውሃው ወደ ውጭ ሳይንጠባጠብ ወደ ውስጥ ይጠፋል። ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ገና በቀዝቃዛው የሚታይ አረፋ፣ ወተት የገባበት ቡና የሚመስል ዘይት የዚህ ምልክቶች ናቸው። እዚህ ከደረሰ ሞተሩ ይፈታል፣ ቴስታታው በማሽን ይስተካከላል፣ መኪናውም ለሳምንታት ሊቆም ይችላል። በጊዜው በመቆም ይተርፍ የነበረ ነው።

ጋራዥ ሲገባ ደግሞ አንድ የተለመደ መፍትሔ አለ፤ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል። በእኛ ብርድ አገር ይህ ጥሩ አይደለም። ሞተሩ ጠዋት ሳይሞቅ ረጅም ጊዜ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲወጣ የውሃው አንድ ክፍል ወደ ራዲያተሩ ሳይሄድ በአቋራጭ ስለሚመለስ ሽቅብ ላይ ይብስበታል። የተበላሸው በአዲስ ይተካ እንጂ ባዶ ቦታ አይተው።

የሚሞላው ነገርም ለውጥ ያመጣል። ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ የመፍያውን ነጥብ በጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርጋል፣ ዝገት ይከላከላል፣ የለጋምቦ ውርጭ ውሃውን በረዶ እንዳያደርገውም ይጠብቃል። የተጣራ ውሃ የምንለው ነዳጅ ማደያ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ ነው፤ አሲዱን አይደለም። የምንጭ ውሃ በችግር ጊዜ ይሞላል፣ ሲዘወተር ግን ማዕድኑ ውስጡ ይጋገራል። ኩላንት መርዝ መሆኑም አይረሳ። ጣፋጭ ስለሆነ ከብትም ውሻም ሕፃንም ይቀምሰዋል፤ በመንገድ ዳር ወይም በምንጭ አጠገብ አይደፋ፣ በለስላሳ ጠርሙስም አይቀመጥ።

ለጀመዓ ጉዞ መኪና ስንዋስ ከመነሳታችን በፊት በቀዝቃዛው ክዳኑ ተከፍቶ ውሃው ይታይ። አሥር ሊትር ውሃ፣ ሁለት የቱቦ ማሰሪያ፣ ጠመንጃ መፍቻና የውስጥ ጎማ ቁራጭ ከወንበሩ ሥር ይቀመጥ። መኪናው አማና ነውና መንገድ ላይ አፍልቶ ከነበረ ቁልፉን ስንመልስ አንደብቅ። የት ቦታ እንዳፈላ፣ ስንት ሊትር እንደጨመርንበት፣ ክዳኑን አላልተን እንደሆነ ለባለቤቱ በዝርዝር እንንገረው። ነገ ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ የዘይቱን ቀለም እንዲያይም እናስታውሰው።